የተማሪን ባህሪ ለመመዝገብ ምን ይገዛ? ከመርካቶ እስከ ስድስት ኪሎ የሚገኙ ዕቃዎች ግምገማ

ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተማሪን ባህሪ ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሱቅ ተሟልቶ አይገኝም። መቁጠሪያው መርካቶ ነው። ስቶፕዋቹ ስታዲየም ዙሪያ ካሉ የስፖርት ዕቃ መደብሮች ይገዛል። ቅጹ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ባሉ ፎቶኮፒ ቤቶች ይባዛል። ሰዓት ጠባቂው ደግሞ በየኪሳችን ያለው ስልክ ነው። ሁሉም ለሌላ ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ለጸሎት፣ አንዱ ለሩጫ፣ አንዱ ለጂም። ለክፍል ምልከታ ሲውሉ የት ላይ እንደሚጠቅሙና የት ላይ እንደሚያሳስቱ ነው እዚህ የምንመዝነው። ጽሑፉ ለሆምሩም መምህራን፣ ለልዩ ፍላጎት ባለሙያዎች፣ ለትምህርት ቤት አማካሪዎችና የተግባር ምርምር ለሚሠሩ ሁሉ ነው።

ለቸኮለ አንባቢ የምንመክረው ይህ ነው፦ 60 ሳጥን ያለው የአንድ ገጽ ቅጽ፣ አንድ ክሊፕቦርድ፣ በየ15 ሰከንዱ ቁጥር የሚጠራ በስልክ የተቀዳ ድምፅ፣ አንድ ኢርፎን። ይህ ለአብዛኛው የክፍል ውስጥ ምልከታ ይበቃል። መቁጠሪያና ስቶፕዋች ለተወሰኑ ባህሪያት ብቻ ይጨመራሉ። መምህር ለተማሪ ባህሪ ነጥብ የሚሰጥበት አፕ ግን ለሌላ ነገር ቢጠቅምም መለኪያ አይደለም።

ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት የሚመዘገበው ባህሪ በወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። «ረባሽ»፣ «ሥነ ሥርዓት የጎደለው»፣ «ሰነፍ» የሚባሉት አይቆጠሩም። የሚቆጠረው፣ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ ልጅ እያዩ ያንኑ ቁጥር ሊጽፉ የሚችሉበት ነገር ነው። ለምሳሌ «ከመቀመጫ መነሳት» ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሦስት ልጆች በሚቀመጡበት ኮምባይንድ ዴስክ ላይ ግድግዳ ጥግ ያለው ልጅ ሲወጣ ሁለቱ ተነስተው ማሳለፍ አለባቸው። ተማሪ ሲጠየቅ ቆሞ ነው የሚመልሰው። እንግዳ ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ይነሳል። እነዚህ ካልተገለሉ ጨዋው ልጅ ከሁሉም በላይ «ተነሳ» ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ትርጓሜው እንዲህ ይጻፍ፦ «መምህሩ ሳይፈቅድ፣ ለመመለስ፣ ጎረቤት ለማሳለፍ ወይም እንግዳ ለመቀበል ሳይሆን፣ ከአግዳሚው ተነስቶ 3 ሰከንድ ከቆየ አንድ ይቆጠራል፤ ተመልሶ ሲቀመጥ ያበቃል»። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ትርጓሜ ማለት ይህ ነው። «ሳይፈቀድለት መናገር» ከሆነም ክፍሉ በኅብረት የሚመልሰውን መለየት፣ ጣት እያወጡ «ቲቸር፣ ቲቸር» ማለት ይቆጠር አይቆጠር አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ይህ ሳይሠራ የሚገዛ ማንኛውም ዕቃ ገንዘብ ማባከን ነው።

መቁጠሪያዎች

ባህሪው አጭር፣ ጥርት ያለና በተደጋገመ ቁጥር ርዝመቱ የማይለዋወጥ ከሆነ መቁጠር ይበቃል። ድንገት መጮህ፣ የጎረቤትን እርሳስ መንጠቅ፣ ወረቀት መወርወር፣ እጅ ማንሳት የዚህ ዓይነት ናቸው። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት መቁጠሪያ አለ።

የብረቱ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ክብ ነገር ነው። አራት አሃዝ ያሳያል፣ እስከ 9999 ይቆጥራል፣ በአውራ ጣት ይጫናል፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲያዞሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የላብራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ይይዙታል። ባትሪ አይፈልግም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ጉድለቱ ድምፁ ነው። በተጫነ ቁጥር «ቀጭ» ይላል፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል ድምፁ ሁለት ሦስት ዴስክ ይሻገራል። ልጁ ጥቂት ጊዜ ከሰማ በኋላ ምን ሲያደርግ እንደሚጫን ይደርስበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመዘገበው ለድምፁ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ኮት ወይም ጃኬት ኪስ ውስጥ አድርጎ መጫን ድምፁን በአብዛኛው ያፍነዋል። ሌላው ችግር ግማሽ ጭነት ነው። አውራ ጣት እስከ ታች ካልወረደ የቁጥሩ ጎማ በሁለት አሃዞች መሃል ይቆማል። ስትገዙ ከ90 ተነስታችሁ እስከ 110 ጫኑት፤ ከ99 ወደ 100 ሲሻገር ሦስቱም ጎማዎች አብረው ካልዞሩ ሌላ ይቀየርላችሁ።

ሁለተኛው ጣት ላይ የሚጠለቀው ዲጂታል ነው። ታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ለተስቢህ የሚሸጠው ማለት ነው። ከብረቱ ይረክሳል፣ ቀላል ነው፣ ድምፁም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መምህር እያስተማረ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ጠመኔ በቀኝ፣ መቁጠሪያው በግራ ጠቋሚ ጣት ላይ ሆኖ በአውራ ጣት ይጫናል። ለሚያስተምር ሰው እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። ነገር ግን ወደ ዜሮ የምትመልሰው ትንሿ ቁልፍ ከመቁጠሪያው ቁልፍ አጠገብ ናት፤ አንድ የተሳሳተ ጭነት የክፍለ ጊዜውን ቁጥር ሁሉ ያጠፋል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ትንሿን ቁልፍ በቀጭን ፕላስተር መሸፈን፤ ሁለተኛ፣ በየ10 ደቂቃው የደረሰበትን ቁጥር ሰሌዳው ጥግ ላይ ወይም ደብተር ላይ መጻፍ። በየ10 ደቂቃው መጻፍ ሌላም ጥቅም አለው፤ ባህሪው በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ይበዛ ወይስ መጨረሻ ላይ የሚለውን ያሳያል። ባትሪው ክኒን የምታክል ስለሆነች ስትገዙ ትርፍ አብራችሁ ያዙ፤ አሃዙ መደብዘዝ ሲጀምር የዚያን ቀን ቁጥር ማመን ያቁሙ ማለት ነው።

ሁለቱም መቁጠሪያዎች ወደ ኋላ አይመለሱም። በስህተት አንድ ከተጨመረ ማረሚያው ወረቀት ላይ «1 ይቀነስ» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ምንም መግዛት የማይፈልግ መምህር አንድ እፍኝ ሽምብራ ቀኝ ኪሱ ከትቶ ባህሪው በታየ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ግራ ኪሱ ሊያዛውር ይችላል። ቁጥሩ ከ20 እስካልዘለለ ድረስ ይህ ዘዴ ከሁለቱም ያልተናነሰ ትክክለኛ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይነጻጸርም። ሰኞ በ40 ደቂቃ ውስጥ 12 ጊዜ፣ ማክሰኞ ስብሰባ ስለነበረ በ20 ደቂቃ ውስጥ 12 ጊዜ ከተቆጠረ ሁለቱ ቀናት እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው በደቂቃ 0.3 ነው፣ ሁለተኛው 0.6። የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት ያልተጻፈበት የመቁጠሪያ ቁጥር ዋጋ የለውም የምንለው ለዚህ ነው።

መቁጠሪያ ፈጽሞ የማይሆንበት ቦታም አለ። አንድ ልጅ በክፍለ ጊዜው 2 ጊዜ ብቻ ተነሳ፤ አንዴ 11 ደቂቃ፣ አንዴ 6 ደቂቃ ቆየ። ሌላው 9 ጊዜ ተነሳ፤ ሁሉም ተደምሮ 1 ደቂቃ አልሞላም። መቁጠሪያው የመጀመሪያውን የተሻለ ልጅ ያደርገዋል። 17 ደቂቃ ከ40 ደቂቃ ማለት ግን የክፍለ ጊዜው 42.5 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ነው ስቶፕዋች የሚያስፈልገው።

ስቶፕዋች

አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ጥቁሩ የስፖርት ስቶፕዋች ለዚህ ሥራ በቂ ነው። የሰከንድ መቶኛ ክፍል ማሳየቱ ለእኛ ምንም አይጨምርም፤ ወደ ሙሉ ሰከንድ አጠጋግቶ መጻፍ ይበቃል። መሠረታዊው ነገር አንድ ነው፤ ሲቆም ወደ ዜሮ ሳይመለስ እንደገና ሲነሳ ከቆመበት መቀጠል አለበት። ልጁ ሲነሳ መጫን፣ ሲቀመጥ መጫን፣ በመጨረሻ ላይ ጠቅላላውን ማንበብ። በእያንዳንዱ መነሳት ቅጹ ላይ አንድ ጭረት ከተጨመረ ድግግሞሹም ቆይታውም በአንድ ምልከታ ይገኛል፤ ጠቅላላ ቆይታውን ለድግግሞሹ በማካፈል አማካይ ቆይታው ይወጣል።

ይህ ዕቃ ክፍል ውስጥ የሚጠላው በየጭነቱ ስለሚጮህ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ሞዴሎች ድምፅ ማጥፊያ የላቸውም። ጀርባቸው ግን በጥቃቅን ብሎኖች የታሰረ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ድምፅ ሰጪውን ከሰሌዳው ጋር የምታገናኝ ቀጭን ስፕሪንግ ትታያለች። እሷን በወረንጦ ማንሳት ድምፁን ያጠፋዋል፣ ሰዓቱን ግን አይነካም። የስልክ ጠጋኝ ባለሙያ ጋ ይዞ መሄድ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የስልኩን ስቶፕዋች መጠቀምም ይቻላል፤ ይሁንና የስክሪን ቁልፍ በጣት ስለማይዳሰስ ዓይን ከልጁ ላይ ይነሳል። እኛ የሚዳሰሰውን እንመርጣለን።

ስቶፕዋች ብዙ ሰው የሚዘነጋውን አንድ ልኬትም ይሰጣል፤ ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ እስኪጀመር ያለውን ጊዜ። መምህሩ «ደብተር አውጡና መልመጃውን ሥሩ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ይነሳል፤ የልጁ እስክሪብቶ ወረቀት ሲነካ ይቆማል። ለማይታዘዝ ሳይሆን ለሚዘገይ ልጅ ይህ ከማንኛውም ልኬት የበለጠ ይናገራል። እንደዚህ ዓይነት ልጅ ብዙ ጊዜ «አይሠራም» ተብሎ ነው ለዩኒት መሪው የሚነገረው፤ ሲለካ ግን አራት ደቂቃ ዘግይቶ የሚጀምርና ከጀመረ በኋላ የማያቋርጥ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እርዳታው የተለየ ነው።

በየ15 ሰከንዱ የሚጠራው ድምፅ

«ትምህርቱን እየተከታተለ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በመቁጠሪያም በስቶፕዋችም አይመለስም፤ መጀመሪያና መጨረሻው አይያዝምና። ለዚህ ክፍለ ጊዜውን በእኩል ትናንሽ ጊዜያት ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው መንገዱ። ሦስት አሠራር አለ፣ ልዩነታቸውም ትልቅ ነው። አንድ ልጅ በየደቂቃው ለ10 ሰከንድ ወደ ኋላ እየዞረ ያወራል እንበል። እውነተኛው መጠን 17 በመቶ ገደማ ነው። የአንድ ደቂቃ ክፋይ ይዘን «በክፋዩ ውስጥ ለአፍታም ቢታይ» ብለን ከመዘገብን 100 በመቶ ይወጣል። «ክፋዩን በሙሉ ከቆየ» ብለን ከመዘገብን 0 ይወጣል። ድምፁ በሚጠራበት ቅጽበት ብቻ ቀና ብለን አይተን ያየነውን ከጻፍን ደግሞ በበርካታ ምልከታ ወደ እውነተኛው 17 ይጠጋል። ያው ልጅ፣ ያው ቀን፣ ሦስት ውጤት። ስለዚህ የትኛው አሠራር እንደተመረጠ ያልጻፈ ሪፖርት መነበብ የለበትም። ለመምህርና ለአማካሪ የምንመክረው የቅጽበቱን ነው፤ በትንሽ ድካም ከሁሉም የተሻለ ግምት ይሰጣል። ክፋዩ ባጠረ ቁጥር ይሻሻላል፤ 15 ሰከንድ ለሚመዘግብ ሰው ምቹ ነው፤ ከ5 ደቂቃ በላይ የሆነ ክፋይ ግን ብዙ ያሳስታል።

ጊዜውን የሚጠራው ስልክ ነው። ለጂም የተሠሩ የሰዓት መጥሪያ አፖች በነጻ ይገኛሉ፤ የሥራ ጊዜ 15 ሰከንድ፣ ዕረፍት 0፣ ዙር 60 ብሎ መሙላት ነው። ሦስት ነገር ግን ያበላሻቸዋል። የአንድሮይድ ባትሪ ቆጣቢ ስክሪኑ ሲጠፋ አፑን ሊያስቆመው ይችላል፣ ምልክቱም ሳይታወቅ ይቋረጣል። የነጻዎቹ አፖች በመሃል ወይም በመጨረሻ ማስታወቂያ በድምፅ ያጫውታሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አፑ ብዙ ጊዜ ቁጥር አይጠራም፤ «ጢጥ» ብቻ ስለሚል አንድ ሳጥን የዘለለ ሰው እስከ መጨረሻው የተዛነፈ ወረቀት ይዞ ይወጣል።

በዚህ ምክንያት ከአፕ ይልቅ በራስ ድምፅ የተቀዳ ፋይል ይሻላል። ስቶፕዋች ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ በስልኩ መቅጃ በየ15 ሰከንዱ «አንድ»፣ «ሁለት»፣ «ሦስት» እያላችሁ እስከ 60 ቁጠሩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያገለግላል። ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ይሁን፣ ኢርፎኑ በአንድ ጆሮ ብቻ ይግባ። ሽቦ ያለው ኢርፎን ይሻላል፤ ገመድ አልባው በመሃል ቻርጅ ይጨርሳል። ሁለት ተመልካቾች ካሉ ኢርፎን መክፈያ ሽቦ ገዝቶ ሁለቱም ከአንድ ስልክ እንዲሰሙ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በሁለት ስልክ ቢጫወት በአንድ ሰከንድ መቀዳደም እንኳ የተለያየ ቅጽበት ያሳያል።

ቅጹና ፎቶኮፒ ቤቱ

ቅጹ ከሁሉም ዕቃ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ጥሩ የምንለው ኤ4 ወረቀት ላይ 15 ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 4 ሳጥን ያለው ነው። አንድ ረድፍ አንድ ደቂቃ ስለሆነ 60ው ሳጥን 15 ደቂቃ ይሸፍናል። የሳጥኑ ቁጥር ራሱ ሳጥኑ ውስጥ በትንሹ መታተም አለበት፤ ጆሮ የሰማውን ቁጥር ዓይን እዚያው እንዲያገኝ። የሳጥኑ ጎን ከ1 ሴንቲሜትር አይነስ። በየአምስተኛው ሳጥን ጥላ ይደረግበት፤ እዚያ ላይ የሚታየው ክትትል የሚደረግበት ልጅ ሳይሆን ሌላ ተማሪ ነው፣ በየጊዜውም የሚቀያየር። ከ60ው 12ቱ ለክፍል ጓደኞች፣ 48ቱ ለልጁ ይሆናሉ። ይህ ንጽጽር ከሌለ «ልጁ 60 በመቶ ብቻ ተከታትሏል» የሚለው አባባል ምንም አይነግረንም፤ ጓደኞቹም 62 በመቶ ከሆኑ ችግሩ ከልጁ ሳይሆን ከትምህርቱ አሰጣጥ ነው።

ምልክቶቹ ጥቂት ይሁኑ። አምስት ይበቃሉ፤ በንቃት መሥራት (መጻፍ፣ መመለስ)፣ በዝምታ መከታተል (ሰሌዳ ወይም መምህር ማየት)፣ ከትምህርት ውጪ መንቀሳቀስ፣ ከትምህርት ውጪ ማውራት፣ ዝም ብሎ በሐሳብ መጥፋት። የመጨረሻው እንዳይቀር፤ መምህራን የሚያማርሩት በሚያወራው ላይ ነው፣ ኋላ ተቀምጦ መስኮት የሚያየው ልጅ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም።

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ያሉት ፎቶኮፒ ቤቶች ዩኒቨርሲቲው ቅርባቸው ስለሆነ መጠይቅና ቅጽ ማባዛት ይችሉበታል፤ ፈጣኖችም ናቸው። ፒያሳ ከ2016ቱ ፈረሳ ወዲህ ብዙ ሱቆች ስለተነሱባት ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚኬድባት ሰፈር አይደለችም። የሚያጋጥሙት ችግሮች የታወቁ ናቸው። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ፊደል ይሆናል፤ ፒዲኤፍ አድርጎ መሄድ ይህን ይፈታዋል። ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ለሕትመት ብቻ የሚሆን ባዶ ፍላሽ ይያዝ፣ የተማሪ መረጃ ያለበት ፍላሽ በጭራሽ አይሰካ። ፎቶኮፒው ከፎቶኮፒ ከተባዛ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይጠፋሉ፣ ሳጥኖቹም ይጠብባሉ፤ አንድ ንጹሕ ዋና ቅጂ በፕላስቲክ ተይዞ ሁልጊዜ ከእሱ ይባዛ። ትምህርት ቤቱ ሪዞ የተባለው የማባዣ ማሽን ካለው ለብዙ ቅጂ ይረክሳል፣ ነገር ግን ጥላው ሳጥን ጠቁሮ ጽሑፍ እንዳይቀበል ጥላውን ፈዘዝ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

የቅጹ ራስጌ ላይ ሰዓትና ቀን ሲጻፍ አንድ ደንብ ይያዝ። ስልኩ 8:40 ይላል፣ መምህሩ 2:40 ይላል፤ ሁለት ተመልካቾች የተለያየ ከጻፉ ወረቀቶቹን ማዛመድ ያስቸግራል። «በኢትዮጵያ ሰዓት» ተብሎ ራስጌው ላይ ይታተም፤ አብሮም ስንተኛ ክፍለ ጊዜ እንደሆነ ይሞላ።

የባህሪውን ምክንያት ለሚፈልግ ሌላ ዓይነት ቅጽ አለ፤ አግድም በተያዘ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ። ከባህሪው በፊት የሆነው፣ ባህሪው፣ ከባህሪው በኋላ የተከተለው። ይህ አሠራር ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ቅጹ ቀላል ነው፣ አሞላሉ ግን ልምድ ይፈልጋል። «መምህሩ ተናደደ» አይጻፍም፤ «መምህሩ ስሙን ጠርቶ ወደ ውጭ ውጣ አለው» ይጻፋል። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ከተሞላ በኋላ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ያው ነገር ሲደጋገም ይታያል። የሒሳብ መልመጃ በተሰጠ ቁጥር ረብሾ ከክፍል የሚባረር ልጅ ከመልመጃው እየተገላገለ ነው፤ ማባረሩ ባህሪውን እየመገበው መሆኑ የሚታየው በዚህ ዓምድ ነው።

ነጥብ መስጫ አፕና መጠይቅ

በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ክላስዶጆ በግል ትምህርት ቤቶች ዘንድ ይታወቃል። ለመምህር ነጻ ነው፣ ለወላጅ መልእክት ለማድረስ ይጠቅማል፣ ትንንሽ ልጆችም ይወዱታል። የሚያሳየው ክብ ሥዕል ላይ ያለው 80 በመቶ ግን ከተሰጡት ነጥቦች 80 በመቶው አዎንታዊ ነበሩ ማለት ነው። ልጁ ከጊዜው 80 በመቶውን በሥነ ሥርዓት አሳለፈ ማለት አይደለም። የሚመዘገበው መምህሩ ነጥብ ለመስጠት ያስታወሰበት ቅጽበት ነው፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የሆነው ሁሉ ከመዝገቡ ውጪ ነው። ለማበረታቻ ይዋል፣ ለውሳኔ አይዋል።

25 ጥያቄ ያለው የጥንካሬና የችግር መጠይቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። አምስት ዘርፍ፣ በየዘርፉ አምስት ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2። ከአምስቱ አንዱ ዘርፍ ጥንካሬን ስለሚለካ የችግር ድምሩ ከ40 ይታሰባል። መምህሩ ያለፉትን ስድስት ወራት አስቦ ስለሚሞላው የትኛው ልጅ የበለጠ ትኩረት እንደሚፈልግ ለመለየት ጥሩ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የተጀመረ ድጋፍ መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ግን አይሆንም። በሪፖርት ካርዱ ላይ ያለው የኮንዳክት ፊደል ከሁለቱም ያነሰ ነው፤ ከምን እንደተነሳ የሚያሳይ ምንም ነገር የለውም።

ሁለተኛው ተመልካች

ይህ በሱቅ አይሸጥም፣ ግን ከላይ ከተጠቀሱት ሁሉ ይበልጣል። ቢያንስ በየአምስተኛው ምልከታ ሌላ ሰው አብሮ ተቀምጦ ለብቻው ይመዝግብ። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶች ሳጥን በሳጥን ይነጻጸራሉ። የተስማሙባቸው ሳጥኖች ለጠቅላላው ተካፍለው ከ80 በመቶ በላይ ከሆኑ ብዙዎች ይበቃል ይላሉ። ባህሪው ብርቅ ሲሆን ግን ይህ ስሌት ክፉኛ ያታልላል። ከ60 ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱ ተመልካች 6 ላይ ምልክት አደረገ፣ ሁለቱም የተገናኙት 2 ላይ ብቻ ነው እንበል። ባዶ በመተው የተስማሙባቸው 50 ሳጥኖች ሲጨመሩ ስምምነቱ 52 ከ60፣ ማለትም 87 በመቶ ይሆናል። ባህሪው ታየ ባሉባቸው 10 ሳጥኖች ላይ ብቻ ብናሰላው ግን 2 ከ10፣ 20 በመቶ ነው። በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችለውን ስምምነት የሚቀንሰው ካፓ የተባለው ስሌት (ሙሉ ስምምነት 1 ነው) እዚህ ላይ 0.26 ብቻ ይሰጣል። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር እያዩ ነው፣ ትርጓሜው እንደገና መጻፍ አለበት። ጠቅላላ ቁጥርን ብቻ ማነጻጸር ከዚህም ይብሳል፤ «አንተም 6፣ እኔም 6» ብሎ መጨባበጥ የተለያዩ ስድስቶችን ይደብቃል።

ስምምነቱ አንዴ ከተገኘም በዚያው አይቆይም። ከሳምንታት በኋላ ተመልካቹ ሳይታወቀው ትርጓሜውን ያላላል፤ የተሰላቸ ሰው ትንንሹን ያልፋል፣ ልጁ «ተሻሽሏል» የተባለ ሰው ማሻሻያውን ያያል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው በየተወሰነ ጊዜ መመለስ ያለበት፣ ቢቻልም ለልጁ የሚሰጠው ድጋፍ መቼ እንደተጀመረ ሳይነገረው።

ክፍል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ተማሪዎቹ ብድግ ብለው «እንደምን አደሩ» ይላሉ፣ መምህሩም ሱፐርቪዥን የመጣበት ይመስለዋል። የዚያን ቀን የሚታየው ክፍል የወትሮው ክፍል አይደለም። ተመልካቹ ከደወሉ በፊት ገብቶ ከኋላ ጥግ፣ ልጁን ከጎን በሚያይበት ቦታ ይቀመጥ፤ ለሁለት ሦስት ቀን ወረቀት ይዞ ይጻፍ፣ ያንን ግን አይጠቀምበት። ልጁን ትኩር ብሎ ማየት የለም፤ ዓይን ክፍሉን ይዙር፣ ቁጥሩ ሲጠራ ብቻ ልጁ ላይ ይረፍ። መምህሩ ቅጹ እሱን የሚገመግም እንዳልሆነ አስቀድሞ ይነገረው፣ ባዶውን ቅጽም ይየው። ከድጋፉ በፊት ቢያንስ 3፣ ቢቻል 5 ምልከታ ያስፈልጋል፤ በአንድ ዓይነት ትምህርትና በአንድ ዓይነት ክፍለ ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፣ ከዕረፍት በፊትና በኋላ ያለው ክፍል አንድ አይደለምና።

መረጃው ወደ ኤክሴል ሲገባ በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ከተስተካከለ፣ 15/2/2017 ብላችሁ ጥቅምት 15ን ስትጽፉ ኤክሴል ሳይጠይቅ ፌብሩዋሪ ያደርገዋል፤ 30/2/2017 ስትጽፉ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ከዚያ በቀን ሲደረደር ግማሹ ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ ይሄዳል። ዓምዱን መጀመሪያ ጽሑፍ አድርጎ መወሰን፣ ወይም ቀኑን በሦስት ዓምድ ከፍሎ መጻፍ ይሻላል። ለንጽጽር የሚያገለግለው ዓምድ «ምልከታ 1፣ 2፣ 3» የሚለው ተራ ቁጥር ይሁን።

በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ለሁለተኛ ተመልካች ማነጻጸሪያ የሚያመች ቢመስልም ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይነካ፤ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ቪዲዮው ላይ ያሉትም አንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ክፍሉ በሙሉ ነው። የተሞላ ቅጽ ፎቶ አንስቶ በመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ መላክም እንዲሁ። ቅጹ ላይ ስም አይጻፍ፤ «ተ07» የመሰለ ኮድ ይበቃል። ኮዱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር አንድ ወረቀት ብቻ ይሁን፣ ከቅጾቹ ተለይቶ አማካሪው ቢሮ ውስጥ በሚቆለፍ መሳቢያ ይቀመጥ።